በብርሃን ፍጥነት የሄደው ሊቀመንበር

ሜሪዳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024

ለተወደድከው ልጄ ለሌአንድሮ፣

ክፉውን ወሬ አስቀድሜ ልንገርህና የቀረውን ተረጋግተህ ታነበዋለህ። ከትናንት ጀምሮ የ“ሁለተኛዋ ጨረቃ” የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች ክበብ ሊቀመንበር አይደለህም። ያወረደችህም የእኔው ቀኝ እጅ ናት፤ ያችው “ድምፄን አደራ” ብለህ የሰጠሃት።

ጤናዬ ደህና ነው። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል አስቀድሞ ይነግረኛል፤ ከሬዲዮው ይልቅ እሱን ነው የማምነው። መብራት አሁንም ይጠፋል። በቀን አንዴ ሲጠፋ ጎረቤቶች ያማርራሉ፤ ሦስቴ ሲጠፋ ዝም ይላሉ።

“አንተ” እያልኩ መጻፌን ሳታስተውል አልቀረህም። እዚህ ተራራ ላይ እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን፣ የታችኛው ቤት ሰውዬ ደግሞ ውሻውን “እርስዎ” እንደሚሉ እንዳልረሳኸው ተስፋ አደርጋለሁ። አንተንም ቢሆን “እርስዎ፣ አፍንጫዎን ይናፈጡ” እያልኩ ነው ያሳደግኩህ። ባለፈው በስልክ ግን ኖኤሊያ “አያቴ፣ አንቺ ምሳ በላሽ?” አለችኝ። አልከፋኝም። ልጅቷ የተወለደችበትን ከተማ አፍ ነው የምትናገረው፤ ሌላ ከየት ታምጣ? እናንተ ያላችሁባት የቫልዲቪያ ሰዎች እንደዚያ የሚባባሉ ከሆነ እኔም ልሞክረው ብዬ ነው። እጄ ትንሽ ያመነታል። ይለምደዋል።

ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ። የምታውቀውንም ጭምር እጽፋለሁ፤ አንድ ቀን ኖኤሊያ ታነበው ይሆናል፣ ደግሞም አርባ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረች ሴት ታሪክን ከመሃል ስትጀምር ደስ አይልም።

ክበባችን መቼም ሕግ ይወዳል። ቦታ ሳይኖረው፣ ገንዘብ ሳይኖረው፣ መጀመሪያ የኖረው መተዳደሪያ ደንብ ነው። ከደንቡ ሁሉ የታወቀው አንቀጽ ዘጠኝ የፕሮፌሰር ቤሊሳሪዮ ሥራ ነው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው፣ ያኔ ሁለቱም አባላት የነበሩት፣ ወደ ሊማ የሄዱ ሰሞን ፕሮፌሰሩ በስብሰባ መሃል ተነሥተው ከአገር የሚወጣ አባል በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ እንደሚጓዝ ይቆጠር ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እንዲህ የሚጓዝ ሰው ሰዓቱ እንደሚዘገይ ፊዚክስ የሚለው ነው። ስለዚህ የእኛ አንድ ዓመት ለተጓዡ አንድ ወር ይሁንለት፤ አባልነቱ አይሻር፣ ሥልጣኑን አይልቀቅ፣ ወንበሩ ላይ ሌላ አይቀመጥ፣ እስኪመለስም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ድምፁን ይያዝለት ተባለ። ሰው ሁሉ ስቆ እጁን አወጣ። ቀልድ ነበር። ቀልድ ድምፅ ከተሰጠበት በኋላ ግን ሕግ ይሆናል፤ ሌላ አገር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ አባላቱ ተራ በተራ መብረር ጀመሩ። አንተም ሄድክ። ሊቀመንበርነት ሁለት ዓመት ነው፤ አንተ ከሄድክ ሰባት ዓመት ሊሞላህ ነው፤ በክበቡ ሰዓት ግን ገና ሰባት ወርህ ነው፣ ሥልጣንህም ጥርሱን ያላበቀለ ሕፃን። የልደትህን ነገር ነግሬህ አላውቅም መሰለኝ። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ኬክ እንቆርስልሃለን፣ ዕድሜህንም በአንቀጽ ዘጠኝ ነው የምንቆጥረው። በሄድክ ሰሞን የገዛኋቸው የቁጥር ሻማዎች፣ ሦስትና አራት፣ እስካሁን እያገለገሉ ናቸው። ለኩሰን፣ ዘምረን፣ ቶሎ እፍ እንላለን። ሦስቱ ቀልጦ ጎብጧል፤ አራቱ ግን አሁንም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

በሕይወት ያለው ክበብ እንግዲህ አራት ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ፤ የጥርስ ሐኪሟ ማይሬሊስ፤ ስልክ የሚጠግነውና መጽሔታችንን በሥዕል የሚያስጌጠው ወፍራሙ ራንሄል፤ እና እኔ፣ አባል ያልሆንኩት፣ የአንተ ድምፅ ተሸካሚ። የቀሩት ወንበሮች በየጀርባቸው ስም ተለጥፎባቸው ዙሪያችንን ይቀመጣሉ። እንግዳ የገባ ዕለት የሙታን መታሰቢያ መስሎት ባርኔጣውን ያወልቃል።

ሥራ አንፈታም ግን። መጽሔቱ ይወጣል፣ በአንድ ቅጂ። ወረቀት ውድ ስለሆነ ራንሄል አንዲት ብቻ ያትምና ከቤት ወደ ቤት ትዞራለች፤ አንባቢ ሁሉ ጠርዙ ላይ አስተያየቱን ይጽፋል። እኔ ዘንድ ስትደርስ አስተያየቱ ከልብወለዱ ይረዝማል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሻላል። በዘንድሮው ውድድር ሦስት ሰው ተወዳድሮ ሦስት ሽልማት ተሰጠ። ማይሬሊስ እንደ ልማዷ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረታትን ጽፋለች፤ እንደ ልማዳቸውም ሁሉም ጥርሳቸውን ያማቸዋል። ራንሄል ታሪኩን ሲተች ከጠፈር መጥቶ እኛ ተራራ ላይ የሚያርፍ ፍጡር ከጥርሱ በፊት ሹራብ ያስፈልገዋል አለ። በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። እኔ በየሳምንቱ መጥቼ ዝም ብዬ መስማት ነበር ሥራዬ። ከተውከው መደርደሪያ አንድ አንድ መጽሐፍ እያወረድኩ ማንበብ የጀመርኩትም ክርክሩ ላይ ማን እንደሚሳሳት ለማወቅ ብቻ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ይሳሳታሉ።

እንግዲህ በኦገስት መጨረሻ የምንሰበሰብበትን የባህል ቤት የሚያስተዳድር አዲስ ሰው መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ ጫማው ይጮኻል። ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍላችንን አየ፣ ወንበሮቹን አየ፣ የሰዎቹን ቁጥር አየ፤ የክፍሉ ውል የሚታደሰው የክበቡ ሊቀመንበር ራሱ ቀርቦ ከፈረመ ብቻ ነው አለን። ካልሆነ ክፍሏ ለቦሌሮ ዳንሰኞቹ ትሰጣለች። እነሱ በርካታ ናቸው፣ ሁሉም አገር ውስጥ ናቸው፣ አቋማቸውም ያምራል። ፕሮፌሰሩ ሊቀመንበራችን በአሁኑ ሰዓት በብርሃን ፍጥነት እየተጓዘ መሆኑን በትሕትና አስረዱት። ሰውየው ቀጠሮውን ለፊታችን ሰኞ አደረገው፤ እስከዚያ ፍጥነቱን ይቀንስ አለ።

በስልክ ነግሬህ የመለስክልኝን ታስታውሳለህ። “እማማ፣ እንዳይነኩብኝ። በቅርቡ እመለሳለሁ፤ ስመለስ ወንበሬን ማግኘት እፈልጋለሁ።” እሺ አልኩህ። ከልቤም ነበር እሺ ያልኩት።

በማግስቱ ለምልክልህ መጽሐፎች ካርቶን ፍለጋ ቅርባችን ወዳለችው ከተማ፣ ወደ ኤሂዶ፣ ሄድኩ። ጣቢያው ላይ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ አጠገባችን ሌላ አውቶቡስ ቆሟል። ድንገት ተንቀሳቀስን። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ አማተበች፣ እኔም ቦርሳዬን ጠበቅ አደረግኩ። ትንሽ ቆይቼ በሌላው በኩል ባለው መስኮት ስመለከት ብርቱካን ሻጩ እዚያው ቦታው ላይ ነው። እኛ አልተንቀሳቀስንም፤ የሄደው ያኛው አውቶቡስ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፣ እኔም ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል። በዚያ ቀን ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ብርቱካን ሻጩ ባይኖር ኖሮ በምን አውቅ ነበር? ቤት ገብቼ ልጅ ሳለህ የምታነበውን የፊዚክስ መጽሐፍ አወጣሁ፣ ያንን ባቡርና መብራት የተሣለበትን። መልሱን አልሰጠኝም። ወይም ሰጥቶኝ አልገባኝም። ሳምንቱን ሙሉ ድንች ስልጥ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ እንደ ጠጠር በጫማዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

ትናንት ስብሰባ ሆነ። ማይሬሊስ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች፤ በሽተኛ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል ብዬ ፈራሁ። አንቀጽ ዘጠኝ ተሽሮ አዲስ ሊቀመንበር ይመረጥ የሚለውን ሐሳብ አቀረበች፣ ራንሄል ደገፈ። ፕሮፌሰሩ ተቃወሙ። ድምፅ እኩል ከሆነ የሊቀመንበሩ ወገን ያሸንፋል፤ የሊቀመንበሩ ድምፅ ደግሞ እኔ ጉልበት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሁሉም ወደ እኔ እየዞረ ነበር የሚናገረው።

“ዶኛ ኦቲሊያ፣” አለች ማይሬሊስ፣ “ሌአንድሮን እወደዋለሁ። መንጋጋ ጥርሱን የነቀልኩለት እኔ ነኝ። ግን እርስዎ ይፍረዱኝ፣ ከመንጋጋው ጋር ስብሰባ ልምራ?”

“አንቀጹ ግልጽ ነው” አሉ ፕሮፌሰሩ። “ለሌአንድሮ ገና ሰባት ወሩ ነው። በሰባት ወሩ የሚወርድ ሊቀመንበር አላየሁም።”

ራንሄል ባለፈው የላክኸውን ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ አሳየን። “ታዲያ ፕሮፌሰር፣ በሰባት ወር ይህ ሁሉ ሽበት ከየት መጣ?”

“ጠፈር ከባድ ነው” አሉ ፕሮፌሰሩ።

እዚህ ላይ ነው አፌን የከፈትኩት። ልጄ፣ ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩት። ማይሬሊስ አውቄ እንደጠየቅኩ ታስባለች፤ አንተ የፈለግከውን አስብ።

“ፕሮፌሰር፣ እኛ ‘ሌአንድሮ ሄደ’ እንላለን” አልኩ። “እሱ በመስኮቱ ሲያይ ግን እየራቀች የሄደችው ሜሪዳ አይደለችም? ታዲያ የሚዘገየው የማን ሰዓት ነው?”

ፕሮፌሰር ቤሊሳሪዮ መነጽራቸውን አወለቁ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ራንሄል አሟቸው መስሎት ውሃ ሊያመጣ ተነሣ። እሳቸው ግን ወደ ሰሌዳው ሄዱ፣ ጠመኔ አነሡ፣ ሁለት መስመር ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እየተራራቁ ሲሄዱ ሣሉ፤ ከዚያ ተማሪዎች ፊት እንዳሉ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማስረዳት ጀመሩ። እኛ የእሱን ሰዓት ስናይ የዘገየው የእሱ ይመስለናል። እሱ የእኛን ሲያይ የዘገየው የእኛ ይመስለዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ልዩነቱ የሚለየው አንደኛው ፍሬን ይዞ፣ ዞሮ፣ ወደተነሣበት ሲመጣና ሁለቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ያኔ ያላረጀው የዞረው ነው።

“ካልዞረስ?” አልኩ።

“ካልዞረማ፣ ዶኛ ኦቲሊያ፣ ማን እንዳረጀ የሚናገር የለም። ሁለቱም በየቤታቸው ልክ ናቸው።”

ማይሬሊስ በጣም ቀስ ብላ፣ መርፌ ልትወጋ ስትል በምትናገርበት ድምፅ፣ “ፕሮፌሰር፣ ይህን መቼ ነው ያወቁት?” አለቻቸው።

“አንቀጹን የጻፍኩ ዕለት።” ጠመኔውን በጣታቸው እያገላበጡ ያዩት ነበር። “ልጆቼ ለገና እንመጣለን ብለውኝ ነበር። ከመጡ አንቀጹ ትክክል ይሆናል ብዬ ነው።”

የትኛው ገና ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ራንሄል ያመጣውን ውሃ ራሱ ጠጣው።

“እንግዲያው ማወቅ ያለብን አንድ ነገር ብቻ ነው” አለች ማይሬሊስ፤ ወደ እኔ ዞራ፤ “ሌአንድሮ ይመለሳል?”

ልጄ፣ “በቅርቡ” ልል ነበር። ደግ ቃል ነው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስልኩን ሳነሣ እየሰማሁት ለምጄዋለሁ፣ ከእሱ ጋር ምንም ጸብ የለኝም። አፌ ውስጥ ነበር። ግን በጁን ወር ስልኩን ይዘህ ቤትህን ያዞርከኝ ትዝ አለኝ። ያ መደርደሪያ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ግድግዳውን ሞልቶ፤ ኖኤሊያ ብሎኑን አንድ አንድ እያቀበለችህ፤ አንተ ላብህን በክንድህ እየጠረግህ ስትስቅ። እንደዚያ ስትስቅ ካየሁህ ቆይቷል። በኋላም መጽሐፎችህን ማስላክ ጀመርክ። መጀመሪያ ቀጫጭኖቹን፣ ከዚያ ወፍራሞቹን፣ አሁን ደግሞ ባለ ጠንካራ ሽፋኖቹን፣ ሰው ሊመለስ ሲል ከሁሉ በፊት ጥሎት የሚመጣውን ዓይነት።

“መደርደሪያውን ግድግዳው ላይ በብሎን አስሮታል” አልኳቸው።

ራንሄል የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። “ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው ወይስ ብሎኬት?” አለኝ።

“ብሎኬት።”

ራንሄል ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ድምፅ ተሰጠ። ማይሬሊስና ራንሄል እጃቸውን አወጡ። ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ወንበሮቹን ይመለከታሉ፣ የሁለቱን ልጆቻቸውን ወንበሮች። እኔም የአንተን ድምፅ ይዤ ትንሽ ተቀመጥኩ። ክብደት አለው ብል ትስቃለህ። ከዚያ ቀኝ እጄን አወጣሁ። ራንሄል የሰው ድምፅ በራሱ በባለቤቱ ላይ ማውጣት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ደንቡ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። ያኔ ፕሮፌሰሩም የራሳቸውን እጅ ከፍ አደረጉ፤ ግማሽ ድረስ ብቻ፣ ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው። “ስህተት የሆነ አንቀጽ በስሜ ይዤ መሞት አልፈልግም” አሉ። ሰሌዳውን ግን አላጠፉትም። ልናጠፋላቸው ስንል “ይቆይ” አሉን።

እንግዲህ ሊቀመንበሯ ማይሬሊስ ናት። ነገ ጠዋት በሽተኞቿን አስጠብቃ ትፈርማለች። የቦሌሮ ሰዎቹን ሐሙስ ሐሙስ ክፍሉን እንዲጠቀሙበት ልትጋብዛቸው አስባለች፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ስለ ማርስ አንድ ሁለት ነገር መጠየቃቸውን ሰምታለች። ወንበሮቹ አይጣሉም። ለዳንሱ ግድግዳ ዳር ይደረደራሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው መልሰው ያወጧቸዋል። ስሞቹም ይቆያሉ። የሚቀየረው አንድ ነገር ነው፤ እንግዳ ሲመጣና ቦታ ሲጠፋ ይቀመጥባቸዋል። ሌአንድሮ የሚባል ሰው እንግዳ ቆሞ ሲያይ ዝም የሚል እንዳልሆነ ነግሬያቸዋለሁ።

የማይሬሊስ የመጀመሪያ ውሳኔ እኔን በራሴ ስም አባል ማድረግ ነበር። ድምፅ ተሸካሚ ሆኜ የምሸከመው ነገር ስላለቀ ይመስለኛል። ልማዱን ታውቀዋለህ፤ አዲስ አባል አንድ ጥያቄ ያቀርባል፣ መልስ ግን ማንም አይጠይቀውም። አንተ በአሥራ ሁለት ዓመትህ “ጨረቃ ላይ ዝናብ ከሌለ ሰዎቹ ጨዋታ በምን ይጀምራሉ?” ብለህ ነበር፣ እስካሁን ሲነገር ይኖራል። እኔ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው፤ የጥያቄዬ መልስ የሌላ ሰው እጅ ላይ ነውና። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከዚያ መደርደሪያ አጠገብ ካለው መስኮት ስትመለከት፣ አሁንም እየራቅን ነው፣ ወይስ የሆነ ቦታ ላይ ቆመን እንታይሃለን? በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። ለማጽናናት ብለህ አትመልስልኝ፤ በጉዳዩ ላይ አሁን ክበብ አለኝ።

ደብዳቤውን ከካርቶኑ ጋር የሚያመጣልህ የራንሄል የአጎት ልጅ ነው። ባለ ጠንካራ ሽፋኖቹ ሁሉም ውስጥ አሉ፣ በፎጣ ጠቅልያቸዋለሁ፣ ፎጣውንም አትመልሰው። አንድ ብቻ አስቀርቻለሁ፣ ሰማያዊውን፣ መርከቡ ውስጥ የተወለዱት ልጆች ምድር የሚባል ነገር መኖሩን የሚጠራጠሩበትን። ግማሽ ላይ ነኝ። መጨረሻውን እንዳትነግረኝ። ቦታውን መደርደሪያህ ላይ ክፍት ተውለት።

ለኖኤሊያ አያትሽ ምሳ በልታለች በላት፤ ድንች በአይብ ነበር። ሚስትህን አቅፈህ ሳምልኝ። አንተ ስልክ ስትደውል “ይባርኩኝ፣ እማማ” ሳትል የጀመርክበት ቀን የለም፤ ወረቀት ግን አይለምንምና እኔው ልቅደም፦ እግዜር በቆምክበት ይባርክህ፣ ግድግዳህ ይጽና፣ ብሎንህ አይላላ።

የሜሪዳዋ እናትህ
ኦቲሊያ

ይህንንም ልጨምር፦ ለልደትህ ኬኩን ፕሮፌሰሩ እኔ ልግዛ ብለዋል። ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሱቅ ጎራ ብዬ ሻማ አየሁ። ብዙ ወጪ የለውም። ሦስቱን ጡረታ አወጣሁት። አራቱን ከኋላ ወደ ፊት አመጣሁት። የገዛሁት አንድ ቁጥርን ብቻ ነው።